ቃጫ፣ ሰም እና ባሩድ

ከጆሃንስበርግ አጠገብ፣ ጀርሚስተን ከተማ የተከራየኋት ክፍል ከአንድ ነጭ ሽማግሌ ጓሮ ያለች፣ ግድግዳዋን ከመኪና ጋራዥ ጋር የምትጋራ ጠባብ ቤት ናት። ሳምንቱን ሙሉ ጻካኔ በሚባል የጥቁሮች ሰፈር ባለው ሱቃችን ውስጥ፣ በፍሪጅና በዱቄት ማዳበሪያ መካከል ተጣጥፌ ስለማድር፣ እሑድን እንኳ እግሬን ዘርግቼ ልተኛ ብዬ ነው የያዝኳት። ከቸርች ተመልሼ ጋደም ስል ግን ከግድግዳው ማዶ አንድ ድምፅ ይጀምራል። ቀጭ ይላል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ቀጭ ይላል። ለቅጽበት ያቆምና እንቅልፍ ሊወስደኝ ሲል ይቀጥላል።

እኔ ንዴት ቅርቤ ነው። እናቴ “ይሄን ልጅ የወለድኩት በርበሬ ማሳ ውስጥ ነው” ትል ነበር። አንድ እሑድ ትዕግሥቴ አለቀና፣ የምናገረውን በእንግሊዝኛ አሰናድቼ፣ ጫማዬን ሳላስር ወጣሁ። የጋራዡ በር ገርበብ ብሏል። ገፋ ሳደርገው ያሰናዳሁት ሁሉ ጠፋኝ። ረጅም ጠረጴዛ ላይ ቀይና አረንጓዴ ቀለሆች ተደርድረዋል፤ ተተኩሰው የተለቀሙ ባዶ የጥይት ቅርፊቶች ናቸው። ሽማግሌው አንድ የብረት መሣሪያ ፊት ተቀምጠው እጀታውን ወደ ታች ይጫናሉ። እንቅልፌን የነሳኝ ያ እጀታ ነው። የተተኮሰውን ጥይት እንደገና እየሞሉ ነበር።

እግሬን የያዘው ሽታው ነው። ባሩድ፣ የጠመንጃ ዘይትና አሮጌ ናስ አንድ ላይ። አባቴ እንዲህ ነው የሚሸተው። ጆሃንስበርግ ከገባሁ ጀምሮ አባቴን በፎቶ አይቼዋለሁ፣ በስልክ ሰምቼዋለሁ፤ ጠረኑ ግን ከነጭራሹ ተረስቶኝ ነበር። እንባዬ መጣ። ሊጣላ የገባ ሰው በር ላይ ቆሞ ሲያለቅስ ሲያዩ ሽማግሌው ግራ ገባቸው።

“ሰው ሞተብህ እንዴ?” አሉኝ።

“አልሞተም፤ አባቴ ደህና ነው። እሱም ይህን ይሠራል” አልኳቸው።

ትንሽ አሰቡና በእግራቸው አንድ በርጩማ ወደ እኔ ገፉልኝ።

ሰፈሩ ሁሉ ኡም ነው የሚላቸው፤ በእነሱ ቋንቋ አጎቴ እንደ ማለት ነው። እኔም ኡም አልኳቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። በቀለሁ ቂጥ ላይ የምትገባ፣ እሳት የምትጭር አንዲት ትንሽ የናስ ቆብ አለች፤ እሷን ቦታዋ ላይ ለማስቀመጥ ይታገላሉ፣ ትወድቅባቸዋለች፣ በአፍሪካንስ ይሰድቧታል፣ ጎንበስ ብለው ይፈልጓታል። አላስቻለኝም። ተቀብዬ አስቀመጥኩላቸው። ከዚያ ወዲህ እሑድ ከሰዓት የእኔ ሥራ ይኸው ሆነ።

ለምን እንደሚደክሙ ስጠይቃቸው፣ ወደ አየር የሚወረወር የሸክላ ሳህን ተኩሶ መስበር ስፖርታቸው መሆኑን ነገሩኝ። ሰው ሳህን ለመስበር ይህን ያህል ይለፋል? እኛ ቤት ሳህን የሰበረ ይገረፋል። ይህን ብነግራቸው እስኪያስላቸው ሳቁ። ጠመንጃውም፣ ባሩዱም፣ ፈቃዱም የእሳቸው ነው። ባሩዱን የሚሰፍሩት፣ የብረት ቁም ሣጥኑን የሚቆልፉት እሳቸው ናቸው፤ እኔ እጄን ነበር የማውሳቸው። በዚህ አገር ያለኝ ወረቀት በየጊዜው የሚታደስ የጥገኝነት ጠያቂ ፔርሚት ነው፤ እሱን ይዞ ጠመንጃ ቀርቶ በየወሩ የሚከፈልበት የኮንትራት ስልክ እንኳ አይገኝም።

አባቴ ጥይት የሚሞላው በቆሎው እሸት ሲይዝ ነው። የእኛ አገር ማሳ ጠላቱ ብዙ ነው፤ ከርከሮ ይገለብጠዋል፣ ጃርት ከሥሩ ይቆርጠዋል፣ ጦጣ ደግሞ የማይበላውን ጭምር እየሸለቀቀ ይጥላል። አባቴ ከአባቱ የወረሳት ሁለት አፈሙዝ ያላት አሮጌ የአደን ጠመንጃ አለችው። ጥይቷ ገበያ ላይ ከጠፋ ቆይቷል፤ ስለዚህ የተኮሰበትን ቀለህ ሣር ውስጥ ዳብሶ ካላገኘ ወደ ቤት አይገባም። ከእንሰቱ ጥላ ሥር ቁርበት ያነጥፋል። ባሩዱን በቀንድ ማንኪያ ይሰፍራል፤ በላዩ የእንሰት ቃጫ ጠቅልሎ በእንጨት ይጠቀጥቃል፤ በቃጫው ላይ አረሩን ያፈስሳል፤ አፉን በክብ ካርቶን ከድኖ በንብ ሰም ያሽገዋል። ኡም በቃጫው ፈንታ ከፋብሪካ የመጣ የፕላስቲክ ስኒ ነው የሚያስገቡት። ስለ ቃጫው ስነግራቸው አንድ ክር እንዳሳያቸው ለመኑኝ። ከየት አመጣለሁ? ጀርሚስተን እንሰት የለም።

አባቴ ሲጨርስ የታሸገችውን ጥይት ወደ ከንፈሩ ያስጠጋና “እንትፍ! እንትፍ! ከርከሮውን እንጂ ሰው አትንኪ” ይላታል። ሽማግሌ ልጅ ሲመርቅ ምራቁን እንትፍ እንደሚለው ማለት ነው። ፓስተራችን አንድ ቀን አይቶት “ይሄ የድሮ ነገር ነው፣ ተወው” ቢለው፣ “ጌታም ምራቁን ለዕውሩ ዐይን ተጠቅሞበታል” ብሎ መለሰለት። ፓስተሩ ያን ቀን እሸት በልቶ ሄደ።

ታዲያ አንድ እሑድ እጄ ሥራውን ለምዶ፣ ልቤ አገር ቤት ሄዶ፣ ኡም ባሩድ የሰፈሩበትን ገና አፉ ያልተዘጋ ቀለህ አነሳሁና እንትፍ! አልኩበት።

ኡም በዚያ ዕድሜያቸው ከወንበር ሲዘሉ አየሁ። ባሩድና እርጥበት እንደማይስማሙ ማንም ያውቃል። የእሳቸው ቁጣ ግን በባሩዱ ብቻ አልነበረም፤ ፊታቸው ቀልቷል።

“ምን በደልኩህና ነው ሥራዬ ላይ የምትተፋው?”

ደነገጥኩ። በዚህ አገር ነጭ ሽማግሌ ፊት መትፋት ቤት ያስለቅቃል፤ ከዚያም ያለፈ ጣጣ አለው። ባለችኝ እንግሊዝኛ ላስረዳ ሞከርኩ። ምርቃት ነው፣ የአባቴ ነው፣ ሽማግሌ ለሚወደው ነው የሚያደርገው አልኩ። እየተንተባተብኩ ስለነበር ያስረዳሁ አልመሰለኝም። ኡም ቀለሁን ተቀበሉኝ፤ ባሩዱን ደፉት፣ ቀለሁን በጨርቅ ወለወሉና ለፀሐይ መስኮቱ ላይ አቆሙት። ከዚያ ተቀመጡ።

“አባትህ ሳይዘጋው ነው የሚባርከው?” አሉ።

ሳስበው አይደለም። አባቴ መጀመሪያ ያሽጋል፣ ቀጥሎ ነው የሚመርቀው። የሠራሁት ለሁለቱም ቤት ስህተት ነበር። ናፍቆት ሲበዛ ሥርዓት ያስረሳል። “ዘግቶ ነው” አልኳቸው።

“እንግዲያው አንተም ከዘጋን በኋላ” አሉኝና እጀታውን ያዙ።

ይህን ለአባቴ በስልክ ስነግረው በሳቅ ፈነዳ። አጠገቡ ላለ ሰው ሁሉ እየደገመ አወራው። ሳቁ ሲበርድለት ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ በቋንቋችን እንዲህ አለኝ፦ “ቀበሌው መሣሪያ ሁሉ እንደገና እየመዘገበ ነው። የእኔ ዐይን ደክሟል፤ በልጅህ ስም አዙራት ብለውኛል። ጠመንጃ የታላቅ ልጅ ናት፣ ይህን ታውቃለህ። ግን እዚሁ ኖሮ ለሚይዛት ሰው ነው የምትጻፈው። ትመጣለህ ወይስ ለእህትህ ባል ላድርጋት?”

አባቴ ተመለስ ብሎ አስጨንቆኝ አያውቅም። አሁንም አላስጨነቀኝም፤ መመለሴን በጠመንጃዋ አሳብቦ ጠየቀኝ። እኔም ገብቶኛል፣ እሱም እንደገባኝ ያውቃል። “እስቲ ትንሽ ጊዜ ስጠኝ” አልኩት። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ?

ሰው በሰው አገር ሲኖር ስለ ብዙ ነገር ይዋሻል። እኔ ራሴን ስዋሽ የኖርኩት በአንድ ነገር ነው፦ ደህና ፔፐር፣ ማለትም የመኖሪያ ወረቀት፣ ባገኝ፣ ሱቁ ትንሽ ቢቆም፣ በቀጣዩ የበቆሎ ወራት አገሬ ነኝ እል ነበር። ፔርሚት ይዞ ከዚህ አገር የወጣ ሰው ተመልሶ እንደማይገባ አውቃለሁ። አገር ቤት የቆመው ቆርቆሮ ቤት፣ የታናናሾቼ ትምህርት፣ የእናቴ መድኃኒት ከዚያች የጻካኔ ሱቅ የሚወጣ መሆኑንም አውቃለሁ። ቢሆንም የአባቴ ጠመንጃ የእኔ ናት የሚል ነገር ልቤ ውስጥ ነበር። እሷ እስካለች መመለሴ የቀን ጉዳይ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ምን ይናፍቅሃል ቢሉኝ ማማው ይናፍቀኛል። ማማ ማሳው መሃል በአጣና ከፍ ብሎ የሚሠራ መጠበቂያ ነው። እኔና አባቴ እዚያ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠን እሸት እየጠበስን ከርከሮ የምንጠብቅበት ጊዜ ነበር፤ ያኔ ጢሜ ማቀምቀም ጀምሮ ነበር። ብዙ አያወራም። አንዴ ሲተኩስ ከሸለቆው ማዶ ያሉት ጠባቂዎች በየማማቸው ሆነው “እሰይ!” ይላሉ፤ መሳቱን እያወቁ ጭምር ነው የሚሉት። ያ ጩኸት አገር ሁሉ አብሮን እንደተቀመጠ ያህል ልብ ያሞቅ ነበር። ጻካኔ ላይ ተኩስ ስሰማ ከፍሪጁ ኋላ ወለሉ ላይ እተኛለሁ። የሱቅ ባልደረባዬ በሩን ይቀረቅራል፤ ማን ተመታ ብሎ የሚወጣም የለም። የተኩስ ድምፅ ደስ ይለኝ እንደነበር ለማንም ብናገር አያምነኝም።

ብዙም ሳይቆይ ኡም ባኪ በሚሏት ፒክአፕ መኪናቸው ጭነው ከብራክፓን ወዲያ ወዳለ የተኩስ ሜዳ ወሰዱኝ። ክረምት ነው፤ የዚህ አገር ክረምት ደረቅ ነው፤ ሣሩ ቢጫ፣ ከሩቅ የሚታየው የወርቅ ማዕድን አፈር ክምርም ቢጫ ነው። ኡም ጠመንጃቸውን ሰጡኝና ሕጉ እንደሚያዘው ከትከሻዬ ሳይርቁ ቆሙ። ጥይቱ እኔና እሳቸው የሞላነው ነው። የመጀመሪያውን ሳትኩ፣ የሁለተኛውንም። ኡም በጆሮዬ “ሳህኑን አታሳድደው፣ ቀድመኸው ጠብቀው” አሉኝ። የሚቀጥለው ሳህን ሰማይ ላይ ብትንትኑ ወጣ። ጠመንጃው ትከሻዬን ደቃኝ፤ ያ ሕመም ራሱ ደስ አለኝ፣ ሳላፍር ጮህኩ። ነጮቹ ሁሉ ዘወር ብለው አዩኝ። “እሰይ!” የሚል ግን አልነበረም።

ከሜዳው ሳልወጣ ለአባቴ ደወልኩ። ባልደውል ይሻለኝ ነበር። “ከርከሮ ቢሆን ኖሮ ጉበቱን ታመጣልኝ ነበር!” አለ። ደስታው ልክ አልነበረውም። ገበያ ሄዶ፣ ቸርች ሄዶ፣ “የልጄ እጅ አልጠፋም፤ እጁ ከተመለሰ እሱም ተመልሷል” እያለ አወራ። የቀበሌውን መዝጋቢም “ባለቤቷ እየመጣ ነው፣ ጠብቁኝ” አለው። ይህን የነገረችኝ እህቴ ናት። ነገሩን ስታወራኝ ድምፅዋ ላይ ቅሬታ ነበር፤ ጠመንጃዋ እኔን እየጠበቀች ሳለ ባሏ ያን ሁሉ ሰሞን ማሳውን በወንጭፍና በጩኸት ነበር የሚጠብቀው።

ከዚያ ነው የአገር ቤት ሽማግሌዎች የደወሉት። ጠዋት ነበር፣ ዳቦ የሚገባበት ሰዓት። ጻካኔ ሱቃችን ከላይ እስከ ታች በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው፤ ደንበኛ እጁን በአንዲት ቀዳዳ ያስገባል፣ እኛ ከውስጥ እናቀብላለን። ባልደረባዬ ዕቃ ሊያመጣ ሄዷል፤ ብቻዬን ነኝ። ስልኩን አነሳሁና ትከሻዬና ጆሮዬ መካከል ወተፍኩት።

“ልጃችን፣ ድምፁን ከፍተን ሁላችንም እየሰማንህ ነው” አሉኝ አንድ አዛውንት። በድምፃቸው አወቅኳቸው፤ የሰፈራችን ሸንጎ ያለ እሳቸው አይቀመጥም። “አባትህ አጠገባችን ነው። መዝጋቢው ሥራውን ጨርሶ ሊሄድ ነው። አባትህ ልጄ ይመጣል ብሎ ለሌላ ማዞሩን እንቢ አለ። አንተ ራስህ ቃልህን ስጠን።”

“ሳውቦና ማይ ፍሬንድ! ዳቦ!” አለች አንዲት ሴት በፍርግርጉ።

“ዬቦ ማማ” ብዬ በዙሉኛ ሰላምታዋን መለስኩና አቀበልኳት።

“ማናት እሷ?” አሉ አዛውንቱ።

“ደንበኛ ናት አባባ።”

“እሺ፣ አስተናግዳት። ከዚያ መልስልን።”

አስተናገድኳት። ከኋላዋ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች መጡ፣ ከእነሱ ኋላ “ቡቲ፣ ኤርታይም!” እያለ የስልክ ካርድ የሚጠይቅ የታክሲ ሾፌር። አገር ቤት በኩል ሰው ሲያስል፣ ዶሮ ሲጮኽ፣ ነፋስ ስልኩ ላይ ሲነፍስ ይሰማኛል። ከዋርካው ሥር ናቸው ማለት ነው። እመጣለሁ ልል አፌን ከፈትኩ፤ እውነቴን ነው፣ ቃሉ ምላሴ ላይ ነበር። ያን ጊዜ እጄን አየሁት። ያን ሁሉ ሽማግሌ እያዳመጥኩ፣ አባቴ ትንፋሹን ይዞ እየጠበቀኝ፣ እጄ አንዴም ሳያቆም ዳቦ ሲያወጣ፣ ሳሙና ሲያቀብል፣ የሾፌሩን ኤርታይም ሲያዘጋጅ ቆይቷል። ማንም አላዘዘውም። መቼ ነው እንዲህ የሆንኩት? የማሳው ነገር ደግሞ ትዝ አለኝ፤ እኔ እስክመጣ ከርከሮ አይጠብቅም።

“በእህቴ ባል ስም ትሁን” አልኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ሽማግሌዎቹ አንድ ላይ “ተባረክ! ደግ አደረግህ! አስተዋይ ልጅ ነህ!” አሉኝ። ምርቃቱ ወረደልኝ። እኔ ግን ጆሮዬን አሹዬ የምፈልገው አንድ ድምፅ ብቻ ነው፤ እሱ በመካከላቸው የለም።

“አባዬ የለም እንዴ?” አልኩ።

“አለ፤ እየሰማህ ነው” አሉኝ።

ስልኩ ከእጅ እጅ ሲዘዋወር ተሰማኝ። ከዚያ አባቴ መጣ። “ሥራህን ሥራ ልጄ፣ ሰው አታስጠብቅ” አለኝና ዘጋው።

ቀኑን ሙሉ ሸጥኩ። ማታ ባልደረባዬ “ምን ሆነሃል?” ቢለኝ በእሱም ተናደድኩበት፤ ፍሪጁን ክፍት ትተኸዋል ብዬ ጮህኩበት። ፍሪጁ ዝግ ነበር።

እሑድ ጋራዡ ገብቼ እንደ ልማዴ በርጩማው ላይ ተቀመጥኩ። ሥራው አልያዝልኝ አለ፤ የናስ ቆቦቹ ከጣቴ እየሾለኩ ጠረጴዛ ሥር ይወድቃሉ። የኡም እጅ ሲንቀጠቀጥ እኔ እደርስላቸው ነበር፤ ያን ቀን ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ስንፈልግ ዋልን። ነገርኳቸው። ጠመንጃዋ ለሌላ ሰው ሆነች፤ እንድትሆን ያደረግኩትም እኔ ነኝ አልኳቸው። መነጽራቸውን አውልቀው በሸሚዛቸው ጫፍ ወለወሉ።

“የእኔ ልጆች ባሕር ማዶ፣ ፐርዝ ናቸው” አሉ። “ይህን ሁሉ ማን እንደሚወስደው ጠይቄያቸው አላውቅም። እንቢ ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። አባትህ ግን ጠየቀህ።”

ያጽናኑኝ መስሏቸው ነው። እኔን ግን ጭራሽ አስለቀሰኝ፤ የተጠየቀ ሰው መልሱ የራሱ ነውና።

አባቴ ለብዙ ሳምንት አልደወለም። እኔም ስደውል እናቴ ታነሳና “ማሳ ነው፣ ወንዝ ነው፣ ተኝቷል” ትለኛለች። በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ራሱ ደወለ። ድምፁ ብሩህ ነበር፤ የፈራሁት ቁጣም፣ ኩርፊያም የለበትም። የእህቴ ባል ገና በመጀመሪያው ሰሞን አንድ ትልቅ ከርከሮ እንደጣለ፣ ቀለሁን ግን ሣር ውስጥ ጥሎት ሊመጣ ሲል እንዴት አድርጎ እንደተቆጣው፣ አሁን ቃጫ መጠቅለል እያለማመደው እንደሆነ ነገረኝ። በቆሎው ዘንድሮ መልካም ነው አለ። ስለ ሱቁ ጠየቀኝ፣ ስለ ጤናዬ ጠየቀኝ። እኔም እየሳቅኩ መለስኩ፤ ይህን ያህል ጊዜ በከንቱ ፈርቼዋለሁ ብዬ ልቤ ተመለሰ።

ሊሰናበተኝ ሲል “ደግሞ መቼም አንድ ቀን ብቅ ማለትህ አይቀርም” አለኝ። “ስትመጣ ቀደም ብለህ አስታውቀን፤ አልጋ እናሰናዳልሃለን።”

በዚያ ቤት ለእኔ አልጋ ተሰናድቶልኝ አያውቅም። የሚሰናዳው ለእንግዳ ነው።

“እሺ አባዬ” አልኩት፤ “አስታውቃችኋለሁ።”